የጣርማበር ጉዞ ውሳኔው ከዋሻው በፊት ይሁን

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ክረምት በገባ ቁጥር በብስክሌት ክለቦቻችን አንድ ክርክር ይነሳል። አንዱ «እስከ መስቀል ብስክሌቱ ይሰቀል» ይላል፤ ሌላው «ዝናብ ሰው አይበላም፣ እንውጣ» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ዝናቡ ነው። ብስክሌት በመጠገንና የቡድን ጉዞ በማስተባበር የምንሠራ ሰዎች የምንለው ግን ሌላ ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ብስክሌተኛን የሚጎዳው ዝናቡ ሳይሆን ረጥቦ መቆሙና ረጥቦ ቁልቁል መውረዱ ነው። የቀን ጉዞ መታቀድ ያለበትም ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል በሚለው ሳይሆን የት ይቆማል፣ መቼና እንዴት ይወርዳል በሚለው ነው። ይህን የምንጽፈው ለክለብ ኃላፊዎች፣ ለአሰልጣኞች፣ ልጆቻቸውን ለሚልኩ ወላጆችና መንገዱን ለሚጋሩን ሹፌሮች ነው።

ለቀን ጉዞ የሚመረጠው መንገድ ብዙውን ጊዜ ከደብረ ብርሃን በጉዶ በረት አድርጎ ጣርማበር፣ ከዚያ በተራራው ውስጥ በሚያልፈው የመኪና መንገድ ዋሻ አድርጎ ደብረ ሲና ነው፤ ደርሶ መልሱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች። እስከ ጣርማበር ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወጣ ገባ እያለ ቀስ በቀስ ወደ 3,200 ሜትር ያደርሳል። ከዋሻው ማዶ ግን በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ እየተጠማዘዘ 500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ነገሩ የሚጠምመው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ተራራ የሚወጣ ብስክሌተኛ ጠዋት ጉልበቱ ሳይነካ ወጥቶ፣ ሲደክመው ቁልቁል እየተንደረደረ ቤቱ ይገባል። በእኛ አገር ተገላቢጦሽ ነው፦ ቁልቁለቱ ጠዋት፣ ዳገቱ ከሰዓት፣ ዝናቡም ከሰዓት። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለጣርማበር ብስክሌተኛም ይሆናል፤ ደብረ ሲና ለመውረድ የሚያስቸግር ነገር የለም፣ ችግሩ የደከመና የረጠበ ሰው ያንኑ መንገድ መልሶ መውጣት ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ የቀኑ ትልቅ ውሳኔ ደብረ ብርሃን ላይ ሳይሆን ዋሻው አፍ ላይ፣ ገና ሳይወረድ የሚወሰን ነው።

የጣርማበር ጉም ድንገተኛ ይመስላል እንጂ ምክንያት አለው። ከአፋርና ከአዋሽ ቆላ የሚነሳው እርጥብ አየር የተራራውን ግድግዳ ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዛል። አየር 1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ሙቀት ስለሚያጣ እርጥበቱ ጫፉ ዘንድ ሲደርስ ጉም ሆኖ ይተኛል። ይህም ማለት ጉሙ የሚያርፈው በምሥራቁ ፊት፣ ልክ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት ቦታ ነው። ጉዶ በረት ላይ ፀሐይ መውጣቷ ስለ ዋሻው ማዶ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስልክ ነው፤ ከመነሳት በፊት ደብረ ሲና ላለ ሰው ይደወላል፣ ወይም በዚያው ጠዋት ከሸዋ ሮቢት በኩል የመጣ ሹፌር መናኸሪያ ላይ ይጠየቃል። ያንኑ ሹፌር ስለ መንገዱ ሰላምም መጠየቅ ግድ ነው። ሰላሙ ካልተረጋገጠ ስለ አየሩ ማውራትም አያስፈልግም፣ ጉዞው ይቀራል። ክረምት አይደለም ብሎ መዘናጋትም አይገባም። በበልጉም ጉምና ካፊያ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ የጠዋቱ ውርጭ መንገድ ዳር ያቆረውን ውሃ በረዶ ያደርገዋል።

ቡድኑ ዋሻው ጋ ሲደርስ በደብረ ብርሃን በኩል ባለው አፍ ከአስፋልቱ ወጥቶ ይቆምና የጉዞ መሪው አምስት ነገር ያጣራል። አንደኛ፣ ቀድሞ በመኪና ማዶ የተሻገረ ሰው 50 ሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር መለየት መቻሉን በስልክ ያሳውቃል። ሁለተኛ፣ ነጎድጓድ የለም። ሦስተኛ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት አላለፈም። አራተኛ፣ አጃቢው መኪና ደርሷል። አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ብስክሌተኛ ጓንቱን አውልቆ አውራ ጣቱን ከትንሿ ጣቱ ጫፍ ጋር ያገናኛል። ይህን ለማድረግ ያቃተው እጅ በቁልቁለት ፍሬን መያዝም ያቅተዋል። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ ማንም አይወርድም። ድምፅ አይሰጥበትም፤ «ጠንካሮቹ ብቻ ይውረዱ» የሚባል ነገርም መኖር የለበትም። ቡድን ተከፍሎ በተራራው በሁለት ወገን ከቀረ አንድ መኪና ለሁለቱም አይደርስም።

ሰዓቱ ለምን 4 ሆነ ለሚል፣ ስሌቱ እንዲህ ነው። የክረምት ዝናብ የሚጠናው በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን ከንጋቱ 12፡30 ተነስቶ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ቡድን ጣርማበር 3፡15 ገደማ ይደርሳል። ሩብ ሰዓት ለማጣራት፣ 40 ደቂቃ ተጠንቅቆ ለመውረድ፣ 45 ደቂቃ ደብረ ሲና ላይ ለመብላትና ልብስ ለመቀየር፣ አንድ ሰዓት ከሩብ መልሶ ለመውጣት ከተያዘ ቡድኑ ዋሻውን ወደ ላይ የሚያልፈው 6፡10 አካባቢ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የተጀመረ ቁልቁለት ግን የመልሱን ዳገት ወደ 7 ሰዓት ይገፋዋል። አንድ ጎማ ከፈነዳ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

አሁን ወደ መቆሙ እንምጣ። ክለቦች በብዛት የሚሠሩት ስህተት ሁሉም ከደብረ ሲና እኩል ተነስቶ ዳገቱን እንደየአቅሙ ወጥቶ ጫፉ ላይ እንዲጠባበቅ ማድረግ ነው። ለፀሐይ ቀን ይህ ምንም አይደለም። በዝናብ ቀን ግን እንየው፦ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ልጅ 10 ኪሎ ሜትሩን በ50 ደቂቃ ይጨርሳል፤ በሰዓት 8 የሚወጣው 75 ደቂቃ ይፈጅበታል። ጎበዙ በላብ ረጥቦ፣ በዝናብ ተደብድቦ፣ በ3,200 ሜትር ንፋስ ላይ 25 ደቂቃ ይቆማል ማለት ነው። ዳገት ላይ ሰውነቱን ያሞቀው የጡንቻው ሥራ ነበር፤ በቆመበት ደቂቃ ያ ሙቀት ያቆማል፣ ከልብሱ የሚተነው ውሃ ግን ሙቀቱን መውሰዱን አያቆምም። በዚህ አሠራር ቀድሞ የሚታመመው ደካማው ሳይሆን ጎበዙ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዘገምተኞቹ 25 ደቂቃ ቀድመው ይነሱ። መካከለኞቹ 10 ደቂቃ፣ ጎበዞቹ መጨረሻ። ልዩነቱን ለማወቅ ክለቡ በደረቅ ቀን የእያንዳንዱን ሰው የዳገት ሰዓት አንድ ጊዜ መዝግቦ መያዝ ብቻ ይበቃዋል። በዚህ መንገድ ሁሉም በአምስት ደቂቃ ልዩነት ውስጥ ጫፉ ላይ ይገናኛል፣ ማንም ቆሞ አይበርደውም። ኋላ ጠባቂው ከዘገምተኞቹ ጋር ይውጣ፤ መኪናውም ከእነሱ ኋላ ይሁን።

ዳገቱ ላይ ስለሚያስፈልገው ማርሽ አንድ ነገር እንጨምር፣ ብዙዎቹ ልጆች የሚነዱት ለሜዳ ውድድር የተሠራ አሮጌ ብስክሌት ስለሆነ። ፊት 34፣ ኋላ 32 ጥርስ ያለው ብስክሌት ፔዳሉ በደቂቃ 70 ጊዜ ሲዞር በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይሄዳል። ፊት 39፣ ኋላ 25 ጥርስ ብቻ ያለው ልጅ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ፔዳሉን በደቂቃ 48 ጊዜ ገደማ እየገፋ ነው። እሱ የሚወጣው በጉልበት ሳይሆን በጉልበቱ መገጣጠሚያ ነው። የኋላውን የማርሽ ጥርስ ስብስብ መቀየር ለዚህ ልጅ ከአዲስ ማሊያ ይልቅ ይጠቅመዋል። ጣርማበር ላይ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ መሆኑም አይረሳ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ እየሄደ ነው።

ልብስን በተመለከተ ጥጥ አይሆንም። የጥጥ ካናቴራ ውሃ ጠጥቶ ከገላ ጋር ይጣበቅና ሙቀት ይመጥጣል፤ ጋቢም ለመኪናው ውስጥ እንጂ ለብስክሌት አይሆንም። ከገላ ቀጥሎ ቀጭን ሱፍ ወይም የስፖርት ጨርቅ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ይለበሳል። ሱፍ ቢረጥብም የተወሰነ ሙቀት ይዞ ይቆያል። በዳገት ላይ ጃኬቱ ይከፈት ወይም ይውለቅ፤ ለብሶት የወጣ ሰው ከውጪ በዝናብ ባይረጥብ ከውስጥ በላብ ይረጥባል፣ ውጤቱ አንድ ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ከመውረድ በፊት በማሊያና በጃኬት መካከል ደረት ላይ ሁለት ገጽ ጋዜጣ አጥፎ ማስገባት የቆየ የብስክሌተኞች ዘዴ ነው፤ ንፋሱን ያግዳል፣ እርጥበቱንም ይመጥጣል፣ ደብረ ሲና ሲደረስ ይጣላል። ለእግር ካልሲ ላይ ፌስታል አጥልቆ ጫማ ማድረግ፣ ለእጅ በሱፍ ጓንት ላይ የእቃ ማጠቢያ ላስቲክ ጓንት መደረብ ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል። ጓንቱ አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ይሁን፤ ከጠበበ ደም ያግድና ጣት ይብሱን ይደነዝዛል። እያንዳንዱ ሰው ደረቅ ካናቴራና ካልሲ በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ በራሱ ኪስ ይያዝ፣ መኪናው ሁልጊዜ አጠገቡ አይደለምና።

ቁልቁለቱ ላይ ብርዱ ምን ያህል እንደሚጨምር ብዙ ሰው አይገምትም። አየሩ 8 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ሰው ደረቅ ቆዳው የሚሰማው 3 ዲግሪ ገደማ ነው። የረጠበ ከሆነ ከዚያም ይብሳል። በረጅም ቁልቁለት እግር ስለማይሠራ የሚያሞቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ፣ ፔዳሉን ሳይገፉም ቢሆን እያዞሩ መውረድ ይመከራል።

የብርድ ሕመም ምልክቱ በቅደም ተከተል ይመጣል። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ፣ ቀጥሎ የጃኬት ዚፕ መዝጋት ማቃት፣ ቀጥሎ ዝምታና የዘገየ መልስ፣ ከዚያ የተሳሰረ ንግግር። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ዳነ ብሎ መደሰት አይገባም፤ ያ የአደገኛው ደረጃ ምልክት ነው፣ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ ከንፋስ ማስወጣትና መኪና ውስጥ ማስገባት፣ የረጠበውን ልብስ እስከ ካልሲው ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ በደረቅ ብርድ ልብስ መጠቅለልና ራሱን በኮፍያ መሸፈን፣ በደንብ የሚናገርና መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ መስጠት። እጅና እግሩን ማሸት፣ እሳት ዳር አስጠግቶ ማቃጠል ጉዳት አለው። አረቄ ፈጽሞ አይሰጥ። በደጋ ቤት «አንድ መለኪያ ያሙቀው» የሚሉ ደግ ሰዎች አሉ፤ አረቄው የቆዳውን የደም ሥር ስለሚከፍት ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፣ የሰውነቱ ውስጥ ግን የቀረችውን ሙቀት ያጣል።

ምግብም የሙቀት ምንጭ ነው። ለረጅም ጉዞ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይመከራል። ሰማኒያ ግራም በሶ ከ50 ግራም በላይ ይሰጣል፤ በማር ወይም በስኳር ታሽቶ በትንንሽ ድብልብል ቢጠቀለል ከመሪው ሳይወርዱ ይበላል። ሙዝና ዳቦም ይሆናሉ። ቆሎ ግን ለማረፊያ ይቆይ፣ እያለከለኩ ሲበላ ትን ይላል። በብርድ ጥማት ስለማይሰማ ውሃ ይረሳል፤ በየ20 ደቂቃው መሪው «ጠጡ» ብሎ ይጥራ።

ወደ ብስክሌቱ ስንመጣ ከሁሉ የሚቀድመው ፍሬን ነው። ቸርኬ የሚይዘው የጎማ ፍሬን በዝናብ መጀመሪያ ሲጨበጥ አይዝም፤ ቸርኬው ላይ ያለውን ውሃ ጠርጎ እስኪጨርስ ጎማው ጥቂት ዙር ይዞራል። ልጆች በዚያች ቅጽበት ደንግጠው የበለጠ ያፍኑታል፣ ውሃው ሲጠረግ ፍሬኑ ድንገት ይነክስና ጎማው ይንሸራተታል። ስለዚህ ከጠመዝማዛው ብዙ ቀደም ብሎ ፍሬኑን በስሱ እየነኩ ቸርኬውን ማድረቅ፣ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሳለ ፍጥነት መቀነስ፣ ጥምዝ ውስጥ ከገቡ በኋላ አለመጨበጥ ነው። የዋዜማው ምርመራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጎማውን ፈትቶ የፍሬኑን ጎማ ፊት በጣት መዳሰስ፤ የተሰነጎረው መስመር ከጠፋ ይቀየራል። የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንጣሪ ወይም አሸዋ ተሰክቶበት ከተገኘ በመርፌ ተነቅሎ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ካልተነቀለ ቸርኬውን ይሞርዳል። የፍሬኑ ገመድ ጫፉ ላይ ከተበተነ ወይም ዝገት ከያዘ ለሌላ ቀን አይባልም። እጀታው በሙሉ ኃይል ሲጨበጥ ከመሪው ጋር የሚነካካ ከሆነ ገመዱ ይጥበቅ። ዲስክ ፍሬን ያላቸው የተሻለ ይይዝላቸዋል፣ ነገር ግን ጭቃና አሸዋ የተቀላቀለበት ዝናብ ለስላሳውን ሸራ በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ሸራው ከአንድ ሚሊ ሜትር ከሳሳ ከደብረ ብርሃን አይነሳበት። ዲስኩ አጠገብ ዘይት አይረጭ፤ አንድ ጠብታ የነካው ሸራ ዳግም አይዝም።

በጉም ውስጥ ስንት ይኬዳል ለሚለው ስሌት አለ። በረጠበ መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው አይቶ፣ ጨብጦ እስኪቆም 12 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ40 ከሆነ ወደ 35 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ በቁልቁለቱ ላይ ጉም ከመጣ ፍጥነቱ 20፣ በመካከል ያለው ርቀት ከ15 ሜትር ያላነሰ፣ አሰላለፉ አንድ በአንድ ነው። የፊተኛው ቀይ መብራት ከጠፋ መቅረብ ሳይሆን መቀነስ ነው። የኋላ መብራት የሚያበራ ሁሉ ሳያቋርጥ ይብራ፤ የመጨረሻው ሰው ብቻ ብልጭ ድርግም ያድርግ፣ አለበለዚያ ከኋላ ያለውን ያጥበረብረዋል። ጉድጓድ የሞላ ውሃ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ በጎኑ ዞር ተብሎ ይታለፋል። የቀለም መስመር፣ የናፍጣ ቀስተ ደመና የሚታይበት አስፋልት፣ የከብት እበትና መንገድ ዳር የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይያዝም። ከዝናብ በኋላ ጠመዝማዛው ውስጠኛ ጥግ ላይ ጎርፍ ያወረደው ጠጠር ይከማቻል፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራ ነው፤ ዛሬ ለሚያልፉበት ከባድ መኪኖች ጠባብ ነው። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚረዝም በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ለማለፍ ከሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ጥቁር መነጽር አፉ ላይ ሳይሆን ከዚያ በፊት ይውለቅ፤ ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። የፊትና የኋላ መብራት ያልያዘ ሰው ብስክሌቱን መኪና ላይ ጭኖ ይለፍ። ቡድኑ አንድ በአንድ ተሰልፎ፣ አጃቢው መኪና ከኋላ ሁለቱንም ፍሬቻ እያበራ፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም ይገባል። ውስጥ ጎማ ቢፈነዳ አይቆምም፣ በቸርኬው እየተንከባለለም ቢሆን ይወጣል።

ጎማ በዝናብ ቀን የበለጠ የሚፈነዳው ውሃው ስለት ያለውን ነገር ጎማው ላይ አጣብቆ፣ መቆረጡንም ስለሚያቀልለት ነው። መንገዱን የሞላው ደግሞ ከፈነዱ የመኪና ጎማዎች የተበተነ ቀጭን ሽቦ ነው። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ጎማ በደረቅ ቀን 75 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ቢነፋ በዝናብ ቀን 65 ይበቃዋል፤ አስፋልቱን የሚነካው ክፍል ይሰፋል። ማስቲሽና ልጥፍ በዝናብ አይደርቅም፣ ለቤት ይቆይ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት አዲስ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ማውለቂያና የእጅ መንፊያ ይያዝ። አዲሱ ካላማዳሪያ ከመግባቱ በፊት የወጋው ነገር ካልተገኘ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈነዳል። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ጸጉር የሚያክል ሽቦ አይሰማውም። ካልሲ ወይም ቁራጭ ጨርቅ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ሲጎተት ጨርቁ ሽቦው ላይ ይያዛል፤ ያኔ በፒንሳ ይነቀላል። የሚጠግነው አንድ ሰው፣ የሚይዝለት አንድ ሰው ይቅር፤ ሌላው ከመንገድ ወጥቶ ቀስ ብሎ እየተመላለሰ ይሙቅ።

ሰንሰለትን የስፌት መኪና ዘይት በዝናብ ግማሽ ሰዓት አያቆየውም፣ ወፍራም የሞተር ዘይት ደግሞ አሸዋ ይሰበስባል። የሚሻለው ሞተር ዘይቱን በየማጠፊያው አንድ አንድ ጠብታ አድርጎ፣ ጥቂት አዙሮ፣ የውጪውን በጨርቅ ጠርጎ ማድረቅ ነው። ባዶ የዓይን ጠብታ ጠርሙስ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ደብረ ሲና ላይ እንደገና ይጨመርበታል። የኋላ ፓራፋንጎ ያላደረገ ሰው ከኋላው ያለውን ጓደኛውን ፊት በጭቃ እየመታ ነው፤ ከላስቲክ ጀሪካን ተቆርጦ በናስትሮ ቢታሰርም ይሠራል።

ብልጭታ ታይቶ ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በታች ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ገላጣው ሜዳም ሆነ ብቸኛ ዛፍ መጠለያ አይሆንም፤ መኪና ወይም ቤት ውስጥ ይገባና ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። በረዶ የጣለበት አስፋልት እስኪቀልጥ አይነዳበትም።

አጃቢ መኪና ከ12 ሰው በላይ አይያዝለት። በውስጡ አራት ብርድ ልብስ፣ ሻይ የሞላ ሁለት ፔርሙዝ፣ ትርፍ የፊትና የኋላ ጎማ ከነቸርኬው፣ ብሩጎላ (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ) እና ፒንሳ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን፣ እንዲሁም ቢያንስ ለሦስት ሰውና ለሦስት ብስክሌት የሚሆን ባዶ ቦታ ይኑር። ቦታው በሻንጣ ከተሞላ መኪናው የዕቃ እንጂ የሰው አጃቢ አይሆንም። መኪና ካልተገኘ ጣርማበር አይኬድም፤ ወደ ጫጫ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ደርሶ መልስ፣ ለጠነከሩት እስከ ሸኖ ያለው ሜዳ አለ። እዚያም ዝናብ ይመታል፣ ግን ረጅም ቁልቁለት የለም፣ መንደርም ቅርብ ነው። ደብረ ሲና ደርሶ «ከወረድን አይቀር ሸዋ ሮቢት እንግባ» የሚለው ሐሳብም በክረምት መነሳት የለበትም። ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የመልሱ ዳገት ወደ 1,900 ሜትር ይሆናል፣ ከሙቀት ተነስቶ ብርድ ውስጥ የሚገባ ዳገት።

ለሹፌሮች የምንለምነው ሦስት ነገር ነው። ዋሻው ውስጥ ብስክሌተኛ ካያችሁ አትቅደሙ፣ ሁለት ደቂቃ ነው። በጉም ረጅም መብራት አታብሩ፤ ጉሙ መልሶ ያንጸባርቅና እናንተም እኛም አናይም። ስታልፉን አንድ ሜትር ተኩል ተዉልን፣ ጥሩምባውንም ከ50 ሜትር ርቀት ላይ አንዴ ንኩት፤ ጎን ላይ ደርሶ የሚነፋ ጥሩምባ በረጠበ አስፋልት ላይ ያለ ልጅ ደንግጦ መሪውን እንዲያጥፍ ያደርገዋል።

በብስክሌት ጥገናና በቡድን ጉዞ ማስተባበር ሥራ ላይ ካለን
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ